የኒዮን ዓሦቼ ሌሊት ቀለማቸው ይጠፋል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም አምስቱ ሞተውብኛል

የቃሊቲ ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ የማቀርበው ጌጠኛ ዓሦችን ቤታችሁ ውስጥ ለዓመታት ለያዛችሁ ሰዎች ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዝቼ ሳሎን ውስጥ አኖርሁ፤ በማግስቱም ሻጩ «ኒዮን» ብሎ የሸጠልኝን 12 ዓሦች አስገባሁ። እያንዳንዳቸው ከሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። ከዓይናቸው ተነሥቶ ወደ ጅራታቸው የሚሄድ፣ መብራት ሲያርፍበት የሚንቦገቦግ ሰማያዊ መስመር አላቸው፤ ከሥሩም ደማቅ ቀይ አለ። የስምንት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገንዳው ፊት ትቆማለች። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የቤት ጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማለዳ ተነሥቼ መብራት ሳበራ ሰማያዊው መስመር ደብዝዞ፣ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ተለውጦ አገኘዋለሁ፤ ቀዩም የታጠበ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ቀለሙ ይመለሳል። ሁለተኛውና የከፋው ሞታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በስምንተኛው ቀን ገደማ ወደ ውሃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ውለው ሞቱ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ከቀሩት ሰባት አንዱ ከጀርባው ክንፍ ሥር ነጣ ያለ ነገር ወጥቶበታል፤ ከመንጋውም ተለይቶ ጥግ ይዞ ይውላል።

ጥንቃቄ የጎደለኝ አይመስለኝም። በየእሑዱ ውሃውን ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ ድረስ አጥባለሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ እመግባቸዋለሁ። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ እሑድ ከመጣ በቀጥታ ከቧንቧው፣ ካልመጣ ደግሞ ሮቶ ውስጥ ከተጠራቀመው እሞላለሁ። የውሃ ማሞቂያ የለኝም። የቀለማቸው መጥፋት በሽታ ነውን? የቀሩትን ለማትረፍስ ምን ላድርግ?

መምህር ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ከሚያሳስብዎት አንዱን ላንሣልዎት፤ ማለዳ የሚያዩት የቀለም መደብዘዝ በሽታ አይደለም። የዚህ ዓሣ ቀይ ቀለም በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ ካለ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ ሰማያዊው ግን በዚያ መንገድ የተገኘ ቀለም አይደለም። በመስመሩ ላይ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረቡ እጅግ ስስ ክሪስታሎች አሉ፤ ብርሃን በእነርሱ ላይ ሲያርፍ ሰማያዊው ክፍል በርትቶ ይንጸባረቃል። ዓሣው ጨለማ ውስጥ ሲቆይ የክሪስታሎቹ አቀማመጥ ስለሚለወጥ የሚንጸባረቀው ብርሃን ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ይደበዝዛልም፤ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጤነኛ ኒዮን ሁሉ ሌሊት እንዲህ ነው። መብራቱን ካበሩ በኋላ ሰዓታት አልፈው ቀለሙ ካልተመለሰ ግን ያን ጊዜ ያስቡ።

የሞቱበትን ምክንያት በተመለከተ፣ እርስዎ ጥንቃቄ ብለው ከዘረዘሯቸው ነገሮች ሦስቱ ራሳቸው ጉዳት አድርሰዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ንጽሕና ወዳድ የሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዓሣ የበላው ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ይህም በአብዛኛው በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል ወደሚኖርበት ውሃ ይለቀቃል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። ወንዝ ውስጥ አሞኒያው ታጥቦ ይሄዳል፤ 60 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ገንዳን ለዓሣ መኖሪያ የሚያደርጉት በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው የገንዳውን ሸክም ለመቻል ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ከዚያም ይዘገያሉ። እርስዎ ገንዳውን በሞሉ በማግስቱ 12 ዓሦች አስገቡ፤ ከዚያም መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች በየእሑዱ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አጠቧቸው። ክሎሪን ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነውና ስፖንጁ ላይ ያሉትንም አይምርም፤ የዓሣውን ስንጥብም ያቃጥላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓሦች ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ማለክለካቸው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ አሞኒያ ስንጥባቸውን ይጎዳል፣ ናይትራይት ደግሞ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን እያለም ይታፈናሉ።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። ውሃውን በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አይቀይሩ፤ ለጊዜው ግን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። የሚጨምሩትን ውሃ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ሞልተው፣ የአየር ፓምፕ ካለዎት አየር እየነፉበት ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድሩት። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት፤ ቡናማ ሆኖ መቅረቱ አያሳስብዎት። ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይስጡ። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲዳማ ነው) መመርመሪያ ካገኙ ውጤቱን ይጻፉልን፤ በተለይ ፒኤቹ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማው ዓይነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ ፒኤች 8 ሲሆን ወደ አምስት እጅ ከፍ ይላል። ያው አሞኒያ በአንዱ ቤት ሳይጎዳ በሌላው ቤት የሚገድለው ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ ያለሁ

መምህር የጻፉትን ሁሉ እደግፋለሁ። በእኔ በኩል ዓሣው በእርግጥ ኒዮን መሆኑን አስቀድመን ብናጣራ እላለሁ፤ በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ ዓሦች ሲሸጡ አይቻለሁና። ቀዩ ቀለም ከሆዳቸው አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጅራት ከሆነ ኒዮን ቴትራ ነው፤ ከስንጥባቸው ሥር ተነሥቶ በሙሉ ርዝመታቸው ከዘለቀ ግን ካርዲናል ቴትራ ነው። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። ኒዮን ከላይኛው የአማዞን ተፋሰስ፣ ከፔሩ፣ ከኮሎምቢያና ከምዕራብ ብራዚል የመጣ ሲሆን ቀዝቀዝ ያለውን ውሃ ይችላል። ካርዲናል ግን የሪዮ ኔግሮና የላይኛው ኦሪኖኮ ዓሣ ነው፤ ሞቅ ያለ ውሃ ይፈልጋል።

እኔ ካርዲናሎችን ከያዝሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለ ትውልድ ቦታቸው ሳነብ የተማርሁት ነገር አያያዜን በሙሉ ስለለወጠው ላካፍላችሁ። የሪዮ ኔግሮ ውሃ ከጫካው በሚወርደው የቅጠልና የእንጨት ፍሳሽ የተነሣ ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፒኤቹም በብዙ ቦታ ከ5 በታች ነው። ባርሴሎስ በምትባለው የወንዝ ዳር ከተማ አካባቢ በብራዚል ፒያቤሮ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ እየዞሩ ካርዲናሎችን በእጅ መረብ ይይዛሉ። ወንዙ ሲሞላ ዓሦቹ ወደ ተጥለቀለቀው ጫካ ይገባሉ፤ ሲጎድል ግን ብዙዎቹ በሚደርቁ ኩሬዎች ቀርተው ስለሚያልቁ፣ በልክ ማጥመዱ ዘራቸውን አላጠፋውም። ይልቁንም ከዚህ ገቢ የሚያገኘው ቤተሰብ ጫካውን ለመመንጠር አይጣደፍም በሚል እምነት ሥራውን የሚደግፍ ፒያባ የተባለ ፕሮጀክት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በገበያ ያለው ኒዮን ግን በአብዛኛው በእስያና በአውሮፓ እርባታዎች የተፈለፈለ ነው። ለጠያቂው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ በእርባታ ያደገ ዓሣ ከወንዝ ከተያዘው ይልቅ የቧንቧ ውሃን ይለምዳል።

ክሎሪንን በሚመለከት በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውሃ የሚታከመው ከክሎሪንና ከአሞኒያ በሚዘጋጀው በክሎራሚን ነው፤ ይህ ደግሞ ውሃው በባልዲ ስላደረ ብቻ አይጠፋም። ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የውሃ ማረጋጊያ (ክሎሪንን የሚያከሽፍ መድኃኒት) የግድ ያስፈልጋል።

ማሞቂያውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ነገ ገዝቼ 28 ዲግሪ ላይ አደርገው ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ጠቃሚ ነው፤ በ28 ዲግሪው ላይ ግን አልስማማም። ጠያቂው ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በሊትር እስከ 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ያው ውሃ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ገደማ ነው። ወደ 28 ስናሞቀው ከዚያም ይወርዳል። ስንጥቡ በአሞኒያ የተጎዳን ዓሣ ኦክስጅን ባነሰው ሞቃት ውሃ ውስጥ ማስገባት ችግሩን ያባብሳል። ከውጭ አገር የተጻፈን ምክር ከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ስናስተላልፍ ይህን ማሰብ ይገባናል። ዓሦቹ ኒዮን ከሆኑ 23 ወይም 24 ዲግሪ ይበቃቸዋል፤ ካርዲናል ከሆኑ 26፤ በሁለቱም ሁኔታ የአየር ፓምፕ ቀንና ሌሊት ይሥራ። ከሙቀቱ ቁጥር በላይ የሚጎዳቸው ግን መዋዠቁ ስለሆነ ያለ ማሞቂያ መቀጠሉን እኔም አልደግፍም።

አሁን ነጣ ያለ ነገር ወደ ወጣበት ዓሣ ልምጣ፤ ከጥያቄው ሁሉ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። «የኒዮን ቴትራ በሽታ» ተብሎ የሚታወቅ ሕመም አለ። የሚያመጣው ፕሊስቶፎራ ሂፌሶብሪኮኒስ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን የሚራባው በጡንቻ ውስጥ ነው። የታመመው ዓሣ በተለይ ሌሊት ይቅበጠበጣል፤ ከመንጋው ይለያል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ነጥቦ በነጥብ እየነጣ ሰማያዊውን መስመር ያቋርጠዋል፤ ቆይቶም አከርካሪው ሊጎብጥ ይችላል። ዓሦች የሚያዙት የተሕዋሱን ስፖሮች (የሚራባባቸውን ዘር መሰል ሕዋሳት) ሲውጡ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሞተ ጓደኛቸውን ሥጋ ሲነጩ ነው። የታወቀ ፈውስ የለውም። እንዲህ ስል አዝናለሁ፤ ነገር ግን በሽታው ይህ ከሆነ መድኃኒት ነው እየተባለ በሚሸጥ ነገር ገንዘብዎን አያባክኑ።

ሆኖም ከሩቅ ሆኜ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ኮለምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ ሕመምም በጀርባ ክንፍ አካባቢ እንደ ኮርቻ የተቀመጠ ነጭ ምልክት ያሳያል፤ ውሃቸው በተበላሸባቸው ዓሦች ላይ ይበረታል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። መለያው እንዲህ ነው፤ ነጩ ነገር ከላይ እንደ ጥጥ ወይም እንደ ሻጋታ የተለጠፈ ከሆነና በቀናት ውስጥ ከተስፋፋ ወደ ኮለምናሪስ ያደላል፤ ቅርፊቱና ቆዳው ጤነኛ ሆኖ ንጣቱ ከውስጥ የሚታይ ከሆነና በሳምንታት እየቀጠለ ከሄደ ወደ መጀመሪያው ያደላል። በማናቸውም ሁኔታ ያን ዓሣ ዛሬውኑ ለብቻው በንጹሕ ባልዲ ወይም በጎድጓዳ ዕቃ ያኑሩት፤ ለእርሱ የተጠቀሙበትን መረብ ወደ ዋናው ገንዳ አይመልሱ። የሞተ ዓሣ ሲያዩ ሳይውል ሳያድር ያውጡ፤ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ቦይ አይጣሉት፤ አፈር ውስጥ ይቅበሩት።

የቃሊቲ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአራት ቀን ውስጥ ያየሁትንና የለካሁትን ላቅርብ። ቀዩ ቀለም ከሆዳቸው አጋማሽ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ኒዮን ናቸው። የውሃው ሙቀት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ 18 ዲግሪ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ 23 ዲግሪ ነው። ገንዳው መስኮት አጠገብ እንደሆነ ቀድሜ አለመናገሬ ስሕተት ነበር። መመርመሪያው ጠብታ ያለው ሆኖ ስላገኘሁት ሞከርሁ፤ አሞኒያው በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ናይትራይቱም እንዲሁ 1፣ ፒኤቹ 8 ነው። ሰፈራችን የሚጠጣው የአቃቂን የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ለዚያ ይሆን? ነጣ ያለበትን ዓሣ ለይቼ አኖርሁት፤ ንጣቱ ከውስጥ የሚታይ ነው፤ ከላይ ምንም የለበትም።

ልጄ ለብቻው የተቀመጠውን ዓሣ አይታ «ለምን ቀጣችሁት?» አለችኝ። እንዳይጋባባቸው ብለን እንደሆነ አስረዳኋት። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ማሞቂያ ብገዛም መብራት ሲጠፋ እርሱም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ፤ በእኛ ዘንድ ይህ የሳምንት ሳይሆን የየቀኑ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መምህር ከሐዋሳ

ልኬቶቹ ነገሩን አፍረጥርጠው ያሳያሉ። ናይትራይት መታየቱ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ መጀመራቸውን ያመለክታል፤ ስለዚህ ገንዳውን አፍርሰው እንደገና እንዲጀምሩ አልመክርም፤ ያፈሩትን ያጣሉና። ፒኤች 8 የሆነው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ማዕድን ስለሚሸከም ነው። ፒኤቹን ለማውረድ ሎሚም ሆነ አሲድ አይጨምሩ፤ አንድ ቀን ወርዶ በማግስቱ ስለሚመለስ መዋዠቁ ይገድላቸዋል። በእርባታ የተወለደ ኒዮን በፒኤች 8 ላይ ሊኖር ይችላል፤ እንቁላሉ ግን በእንዲህ ያለ ውሃ ስለማይሳካ ማርባትን ለጊዜው አያስቡ። ዝናብ በሚበዛባቸው ወራት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ንጹሕ ዕቃ የወረደ የዝናብ ውሃ አጠራቅመው ከጉድጓዱ ውሃ ጋር አንድ ለሦስት ቢቀላቅሉ ውሃው ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ገንዳውን ከመስኮቱ ያርቁት፤ ቀን የሚሞቀውና ሌሊት የሚበርደው በዚያ ምክንያት ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚቀድመው ሙቀት ሳይሆን አየር ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ማግኘት ከቻሉ ይግዙ፤ ካልቻሉ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሰው ማፍሰስ ይረዳል። ገንዳውን ከላይ ክፍት ትተው ዙሪያውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ቢጠቀልሉት ሙቀቱ በዝግታ ይወርዳል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይስጡ። ማጣሪያው ለብዙ ሰዓታት ከቆመ ደግሞ እንደገና ከማስነሣትዎ በፊት በውስጡ የታጎረውን ውሃ ይድፉት፤ አየር ሲያጡ የሞቱት ባክቴሪያዎች ያበላሹት ውሃ ወደ ገንዳው መመለስ የለበትም።

ሜሪላንድ ያለሁ

ስለ ከፍታው የተሰጠውን እርማት ተቀብያለሁ፤ 11 ዓመት ሙሉ በባሕር ጠለል ደረጃ ስለኖርሁ አስቤው አላውቅም። ከዚህ በፊት አዲስ አበባ ላለ የአክስቴ ልጅ 28 ዲግሪ ብዬ ስለነገርሁት ዛሬ ማታ ደውዬ አስተካክልለታለሁ።

ለትንሿ ልጅ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ኒዮን ከጀርባው ክንፍና ከጅራቱ መካከል አንዲት እጅግ ትንሽ፣ ግልጽ የሆነች ተጨማሪ ክንፍ አለችው። ይህችው ክንፍ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ውስጥ ባሉት አስፈሪ ጥርሳም ዓሦች ላይም ትገኛለች። ነብር ዓሣ የሚባሉት እነዚያ ዓሦች የኒዮን ሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ አንድ ምድር በነበሩበት ዘመን የኖሩ የጋራ ቅድመ አያቶች እንደነበሯቸው ይታመናል። በማጉያ መስታወት ብትፈልጋት ታገኛታለች።

የቃሊቲ ነዋሪ (ጠያቂ)

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሼ የምጽፈው ውጤቱን ለማሳወቅ ቃል ስለነበረብኝ ነው። ተለይቶ የነበረው ዓሣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተ፤ ከመሞቱ በፊት አከርካሪው ጎብጦ ነበር፤ ሐኪሙ እንደ ገለጹት ነው የሆነው። ልጄና እኔ ጓሮ ቀበርነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድም አልሞተም፤ በቀሩት ስድስቱ ላይም እስከ ዛሬ ንጣት አላየሁም። አሞኒያውም ናይትራይቱም ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ዜሮ ናቸው፤ ሙቀቱ ከ22 እስከ 24 ባለው ውስጥ ይቆያል። ሁለት ጊዜ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ በጋቢና በኩባያ አድረናል።

ስድስት ለመንጋ ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈራ ፈራ እያሉ ከቅጠሉ ሥር ይሸሸጋሉ። ሐኪሙ ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ በሽታው በዚህ ገንዳ ውስጥ ስለነበረ አዲስ ኒዮን ከመጨመሬ በፊት ምን ያህል ልጠብቅ?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ስድስቱ በመትረፋቸው ከልቤ ደስ ብሎኛል። ስፖሮቹ በጠጠሩ ውስጥ ሊቆዩ ስለሚችሉና ከስድስቱም አንዱ ምልክት ሳያሳይ ተሸክሞት ሊሆን ስለሚችል፣ ቢያንስ ሁለት ወር ተጨማሪ ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ከቀሩት በአንዱ ላይ ንጣት ካዩ ጭራሽ አይጨምሩ። ካላዩ ግን ስምንት ዓሦች ገዝተው በሌላ ዕቃ፣ በሌላ መረብና በሌላ ስፖንጅ ለአራት ሳምንት ለብቻቸው ያኑሯቸው። ሲገዙም አንድ የሞተ ወይም የነጣ ዓሣ ካለበት ገንዳ፣ የቀሩት ምንም ያህል የሚያምሩ ቢሆኑ፣ አይግዙ። የሚመርጧቸውን ዓሦች ሱቁ መብራት ካበራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይዩአቸው፤ ያን ጊዜ ሰማያዊው መስመር ከዓይን እስከ ትንሿ ክንፍ ድረስ ሳይቋረጥ ሊታይ ይገባል።